አቦል፣ ቶና፣ በረካ፦ ጅማ ተቀምጦ ሥዕል ስለ መማር

ሥዕል መማር የሚፈልጉ ወጣቶች ወደ እኔ ሲመጡ ጥያቄያቸውን አብዛኛውን ጊዜ ከቀለም ይጀምራሉ። የትኛው የዘይት ቀለም ይሻላል፣ ጥሩ ሸራ ከየት ይገኛል፣ አዲስ አበባ ድረስ ሳይሄዱ ደህና ብሩሽ ማግኘት ይቻላል ወይ ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም በእነርሱ ዕድሜ ሳለሁ ከዚህ የተለየ ነገር አልጠየቅሁም። ሆኖም ጅማ ውስጥ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ስሥል ከኖርሁ በኋላ የምሰጠው መልስ ብዙዎቹን ቅር ሲያሰኝ አያለሁ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቀለም አትግዙ፣ ይልቁንም ቡና አፍሉ ነው የምላቸው።

በልጅነቴ በቅርብ ያየሁት ሠዓሊ አንድ ብቻ ነበር። ባነር በማሽን መታተም ገና ሳይለመድ፣ መርካቶ አካባቢ የሱቆችንና የሻይ ቤቶችን ማስታወቂያ በቆርቆሮ ላይ በእጃቸው የሚሥሉ ሰው ነበሩ፤ የሰፈር ልጆች ሁሉ ጋሼ እያልን እንጠራቸዋለን። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን እንዳነገትሁ ቆሜ አያቸው ነበር። አንድ ቀን ለፀጉር አስተካካይ ቤት የሚሆን የሰው ፊት ሲሥሉ፣ ሌላ ቀለም ከመንካታቸው በፊት ፊቱን በጥቁርና በነጭ ብቻ ጨረሱትና መንገዱን ተሻግረው ከማዶ ቆሙ፤ ከዚያም ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ተመለከቱት። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ከማዶ ካልተለየ ቀለም አያድነውም» አሉኝ። ያን ጊዜ የማስታወቂያ ሥራ ጉዳይ ብቻ መስሎኝ ነበር። ነገሩ የሥዕልን ሙያ በሙሉ የሚመለከት መሆኑ የገባኝ ብዙ ብርና ብዙ ቀለም ካባከንሁ በኋላ ነው።

ጋሼ የሚፈልጉት የብርሃንና የጥላን ደረጃ ነበር። አንድ ነገር ቀይ ይሁን አረንጓዴ፣ ከቀለሙ ሌላ ምን ያህል ጨለማ ወይም ምን ያህል ብሩህ እንደሆነ የሚነግረን የራሱ ደረጃ አለው፤ ዓይናችን ከሩቅ የሰውን ፊት ከግድግዳ፣ ዛፍን ከተራራ የሚለየው በአመዛኙ በዚህ ደረጃ ነው። ጀማሪ ሠዓሊ ግን በቀለም ውበት ስለሚማረክ ደረጃውን ይዘነጋል። ሥዕሉ ሲያልቅ ቀለሙ ያማረ፣ ነገር ግን ከሦስት እርምጃ በኋላ ምን እንደሆነ የማይለይ ዝብርቅርቅ ይሆንበታል። እኔ አምስት ዓመት ያህል እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ሥያለሁ፤ የተወሰኑት አሁንም ከአልጋዬ ሥር አሉ።

ቡናው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቤታችን ቡና በተፈላ ቁጥር አቦል፣ ቶናና በረካ ይቀዳል፤ የሦስቱም ቀለም እንደ ጥንካሬያቸው ይለያያል። አንድ ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ጋር ተቀምጬ፣ ሳስበው ሳይሆን እጄ ሥራ ፈትቶ፣ ብሩሼን በሲኒው ውስጥ ነክሬ በወረቀት ላይ የጀበናዋን ጥላ ሣልሁት። ከዚያ ቶናው ሲቀዳ የጀበናዋን ሆድ፣ በረካው ሲመጣ ደግሞ ከኋላ ያለውን ግድግዳ ቀባሁ፤ ጢሱንና የሲኒውን ከንፈር ወረቀቱን ባዶ በመተው አሳየሁ። እናቴ ዝም ብላ ስታየኝ ቆይታ «አንቺ ልጅ፣ ቡናውን ልትጠጪው ነው ወይስ ልትቀቢው?» አለችኝ። ያቺ ወረቀት እስከዚያ ቀን በዘይት ቀለም ከሠራኋቸው ሥዕሎች ሁሉ ትሻል ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለገኝም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ደረጃዎችንና የወረቀቱን ነጭ ብቻ ይዤ ስለሠራሁ፣ እያንዳንዱ ነገር ከአራቱ የትኛው ውስጥ እንደሚገባ ለመወሰን ተገድጄ ነበር።

ልምምዱን መሞከር ለሚፈልግ ሰው አሠራሩን በዝርዝር ልናገር። ከጀበና የወረደ አቦል ለመጠጥ እንጂ ለሥዕል በቂ ጥቁረት የለውም፤ ስለዚህ ጥቂቱን በትንሽ ብረት ድስት በዝግታ እሳት ላይ እንደ ማር እስኪወፍር ድረስ ማንተክተክ ያስፈልጋል። ቶናውን እንዳለ፣ በረካውን ደግሞ ውሃ ጨምሮ መጠቀም ይቻላል። አተላው እንዳይገባ በጨርቅ ማጥለል ይበጃል፤ አተላ ያለበት ቡና ሲደርቅ ወረቀቱ ላይ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ወረቀቱ ወፈር ያለ ይሁን፤ የደብተር ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል። ሁልጊዜ ከቀጭኑ መጀመር፣ ሲደርቅ መደረብ፣ ጥቁሩን መጨረሻ ላይ ማምጣት ያስፈልጋል፤ ከጥቁር ወደ ነጭ መመለሻ የለምና። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ የቡና ቀለም ብርሃን ሲያገኘው ከጊዜ ብዛት ይለወጣልና ይህን ሥራ ለልምምድ እንጂ ለሽያጭ አታስቡት። ከዓመታት በፊት አንዱን በፍሬም አድርጌ ለዘመድ ሰጥቼ ነበር፤ ዛሬ ግድግዳው ላይ ያለው የሥዕል ትዝታ እንጂ ሥዕል አይደለም።

ለዚህ ልምምድ ከጅማ በርጩማ የተሻለ ሞዴል አላውቅም። መቀመጫው ክብ ነው፤ ነገር ግን ከፊት ለፊቱ ተቀምጦ ለሚያየው ሰው የተለጠጠ እንቁላል መስሎ ይታያል፤ ሠዓሊው ዝቅ ባለ ቁጥር እንቁላሉ እየጠበበ ይሄዳል። ክብ መሆኑን አውቃለሁ የሚለው አእምሮ እጅን እያስገደደ ሰፋ አድርጎ ስለሚያስለው፣ ጀማሪ የሣለው በርጩማ ሁሉ ወደ ፊት ሊደፋ የደረሰ ይመስላል። ሦስቱ እግሮች መሬት የሚነኩባቸው ነጥቦችም እንደዚሁ በማይታይ የተለጠጠ ክብ ላይ ያርፋሉ፤ ይህን ክብ በእርሳስ በስሱ ካልነደፍነው አንዱ እግር በአየር ላይ ይቀራል። መቀመጫው ጎድጎድ ያለ በመሆኑ ብርሃን ከቀኝ ሲመጣ የሚጨልመው ግራው ሳይሆን የጎድጓዳው ቀኝ ጎን ነው፤ ይህን ያስተዋለ ሰው ቀጥሎ የሰውን የዓይን ጉድጓድ ሲሥል አይቸገርም። እኔ አንዱን በርጩማ ወደ አርባ ጊዜ ያህል ሥዬዋለሁ፤ በሃያኛው አካባቢ በጣም ሰልችቶኝ ነበር፤ በሠላሳዎቹ ውስጥ ግን እስከዚያ ያላየሁትን ነገር ማየት ጀመርሁ፤ ከመቀመጫው በታች ያለው ጥላ ከመሬት በሚመለስ ብርሃን ምክንያት መካከሉ ላይ ፈካ ይላል።

መብራት ሲጠፋም ልምምዱ አይቋረጥም። አንድ ሻማ ከበርጩማው ጎን ብታስቀምጡ ብርሃኑ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚመጣ ጥላና ብርሃን በግልጽ ይለያያሉ። በሻማ ወይም በቢጫ አምፖል ሥር ቀለም መቀላቀል ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ቢጫው ነጭ መስሎ ሰማያዊው ጠቁሮ ይታያልና ጠዋት ላይ ያለፈው ሌሊት ሥራ ሌላ ሰው የሠራው ይመስላል።

ሦስት ወር በቡና ከሠሩ በኋላ ወደ ቀለም መግባት ይቻላል፤ ጅማ ላይ ደግሞ ወደ ቀለም መግባት ማለት ወደ አረንጓዴ መግባት ማለት ነው። ዝናቡ ረጅም ነው፤ ከበልግ ጀምሮ እስከ መኸር መግቢያ ድረስ ከመስኮታችን ውጭ ያለው ነገር በሙሉ አረንጓዴ ነው። ለዓይን ደስታ ነው፤ ለሠዓሊ ግን ከባድ ፈተና ነው። ከቱቦ የወጣውን አረንጓዴ እንዳለ የቀባ ሰው ሥዕሉ የፕላስቲክ አበባ ይመስልበታል። በተለይ ፍታሎ የሚባለው አረንጓዴ ጥቂት ጠብታው ሌላውን ቀለም ሁሉ ስለሚውጥ ለጀማሪ አልመክረውም። እኔ ለአንድ ዓመት ያህል አረንጓዴ ቱቦ ቤቴ እንዳይገባ ከልክዬ ነበር፤ ከእገዳው ያተረፍሁት ነገር ከገዛኋቸው ቀለሞች ሁሉ ይበልጣል።

ከአልትራማሪን ሰማያዊና ከቢጫ ኦከር የሚገኘው አረንጓዴ ረጋ ያለ ነው፤ የሩቅ ዛፎችንና የሣር ሜዳን ያወጣል። በኦከሩ ፋንታ የሎሚ ቢጫ ሲገባ አዲስ የበቀለ ቅጠል ይሆናል። ብዙ ሰው የማያምነው ደግሞ ከጥቁርና ከቢጫ ብቻ ጥሩ የወይራ አረንጓዴ መገኘቱን ነው፤ ጥቁር ቀለም በውስጡ ሰማያዊነት ስላለው ቢጫው ሲነካው ወደ አረንጓዴ ይዞራል፤ የቡና ጥላ ዛፎችን ጥልቅ ጨለማ የምሠራው በዚህ ነው። አረንጓዴው በጣም ከጮኸ በርንት ሲዬና የሚባለውን ቀይ ቡኒ በጥቂቱ መጨመር ያበርደዋል። ሥዕሉን ከመጀመሬ በፊት ነጩን ሸራ በዚሁ ቀይ ቡኒ በስሱ ቀብቼ ማድረቅ ልማዴ ነው፤ በቅጠሎቹ መካከል ብቅ የሚለው ቀይ ቡኒ አረንጓዴውን ያነቃዋል፤ የጅማ አፈርም ያው ቀይ ስለሆነ ለአገሩ የተስማማ ነው።

ቀለሙን መቀላቀል ከማወቅ ይልቅ ቅጠሎቹን ለይቶ ማየት ይከብዳል። የቡና ቅጠል ገጹ አንጸባራቂ ነው፤ ስለዚህ ሰማይ ሲያርፍበት የሚታየው ብርሃን አረንጓዴ ሳይሆን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ነው። የእንሰት ቅጠል ደግሞ ፀሐይ ከኋላው ስትሆን ብርሃኑን ያሳልፋል፤ ያን ጊዜ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ከውስጡ የበራ ይመስላል፤ ያው ቅጠል ፀሐይ ከፊት ስትመታው ቀዝቃዛና ደብዛዛ ይሆናል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ከሩቅ ሲታይ ከአረንጓዴ ይልቅ ለግራጫ ይቀርባል። ጅሬን ኮረብታ ላይ ሆኖ ከተማዋን ቁልቁል የሚያይ ሰው ደግሞ፣ ቅርብ ያለው ሞቅና ጠቆር ብሎ፣ ራቅ ያለው ፈዝዞ፣ የመጨረሻዎቹ ተራሮች ፈጽመው ሰማያዊ ሆነው ይታዩታል፤ በመካከል ያለው አየርና እርጥበት ቀለሙን እያለዘበው ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዚያው ጅሬን ላይ ስላለ፣ በአንድ ጉዞ የእንጨት በረንዳውን መሥመር ለርቀት እይታ፣ ከኮረብታው የሚታየውን አገር ደግሞ ለቀለም መለማመጃ ማድረግ ይቻላል።

የቡና ለቀማ ወቅት ሲደርስ ሌላ ትምህርት አለ። ቀይ የቡና ፍሬ በአረንጓዴ ቅጠል መካከል ለዓይን ፍንትው ብሎ ይታያል፤ ይሁን እንጂ በስልካችሁ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ብታነሡት ፍሬውና ቅጠሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሲዋሐዱ ልታዩ ትችላላችሁ፤ ቀለማቸው ተቃራኒ ቢሆንም የጨለማቸው መጠን ይቀራረባልና። በቀለም ብቻ የተማመነ ሠዓሊ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ፍሬው እንዲታይ ከተፈለገ ከኋላው ያለውን ቅጠል ጥላ ውስጥ ማስገባት ወይም ፍሬው ላይ የሰማይ ብርሃን ማሳረፍ ያስፈልጋል። ጋሼ መንገድ ተሻግረው የሚፈትሹት ይህንኑ ነበር።

ስለ ሰው ፊት ደግሞ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። በውጭ አገር የተጻፉ የማስተማሪያ መጻሕፍት አብዛኞቹ የቆዳ ቀለም ሲሉ የነጮችን ቆዳ ማለታቸው ስለሆነ፣ በእነርሱ የተማረ ልጅ የወንድሙን ፊት ሲሥል በዚያው ቀለም ላይ ቡኒ ጨምሮበት የታመመ ሰው ያስመስለዋል። የእኛ ቆዳ በራሱ ሕግ ነው መታየት ያለበት። እኔ ከበርንት ሲዬናና ከአልትራማሪን እጀምራለሁ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ከጥቁር ቱቦ የበለጠ ሕይወት ያለው ጨለማ ይሰጣሉ። ጠቆር ያለ ቆዳ ብርሃንን ስለሚያንጸባርቅ፣ ግንባርና ጉንጭ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በደጅ ሲሆን ሰማያዊ፣ ከምድጃ አጠገብ ሲሆን ብርቱካናማ ነው። እዚያ ላይ ንጹሕ ነጭ ያስቀመጠ ሰው ፊቱን በዱቄት የነሰነሰው ያህል ነው።

መጻሕፍቱ ከሚሳሳቱባቸው ነገሮች ሌላው መስኮት ነው። የሠዓሊ ክፍል መስኮቱ ወደ ሰሜን ይሁን የሚለው ምክር በአውሮፓ ትክክል ነው፤ እዚያ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ሁልጊዜ በደቡብ ስለምትሆን የሰሜኑ ብርሃን ቀኑን ሙሉ አይለዋወጥም። ጅማ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ እንኳ አትሞላም፤ ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ባለው ጊዜ የቀትር ፀሐይ ከራሳችን በላይ አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ጠዋትና ማታም በሰሜኑ መስኮት በሰያፍ ትገባለች። እኔ ይህን ሳላውቅ ለአንድ ክፍል ተጨማሪ ኪራይ ከፍዬ፣ በሰኔ ጠዋት ፀሐይ ሸራዬ ላይ ስትወጣ መጽሐፉን ወይም ፀሐይዋን መክሰስ አምሮኝ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መስኮቱ ላይ ሳሳ ያለ ነጭ ጨርቅ መስቀል ብርሃኑን ያለዝበዋል። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለውንም ነገር ልብ በሉ፤ የእኔ መስኮት አቮካዶ ዛፍ ስለሚጋርደው ከቅጠሉ ተንጸባርቆ የሚገባው ብርሃን ሁሉን ነገር አረንጓዴ ስለሚያለብሰው፣ ሥዕሎቼ ወደ ውጭ ሲወጡ ለምን ወደ ቀይ እንደሚያደሉ ሳይገባኝ አንድ ክረምት አለፈ። ውጭ ለሚሥል ሰው ደግሞ ቀትር አይሆንም፤ ፀሐይ ከአናት ላይ ስትሆን ጥላዎቹ ከነገሩ ሥር ተሸሽገው ሁሉም ጠፍጣፋ ይሆናል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት ወዲህ ያለው ጊዜ ይሻላል።

ወደ ዕቃው ልመለስ፤ ጠያቂዎቼ ይህን እስካሁን በትዕግሥት ጠብቀዋልና። ሸራ ከሌለ ጠንካራ አቡጀዲ በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥሮ፣ በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮላ መቀባትና ሲደርቅ ጥሩ ነጭ ውሃ ቅብ የግድግዳ ቀለም ሁለት ጊዜ መደረብ ለልምምድ ከበቂ በላይ ነው። ኮምፔንሳቶም ይሆናል፤ ጀርባውንም መቀባት እንዳይጣመም ይረዳዋል። ጨርቁን ሳታዘጋጁ የዘይት ቀለም አትቀቡበት፤ ዘይቱ እያደር ክሩን ይበላዋል። ከቀለም አምስት ቱቦ ይበቃል፦ ነጭ፣ ቢጫ ኦከር፣ የሎሚ ቢጫ፣ አልትራማሪንና በርንት ሲዬና። ስድስተኛ መጨመር የሚፈልግ ጥቁር ይጨምር። ስዊድናዊው ሠዓሊ አንደርስ ዞርን ለብዙዎቹ የሰው ምስሎቹ ከነጭ፣ ከጥቁር፣ ከቢጫ ኦከርና ከአንድ ቀይ ብዙም ሳይርቅ መሥራቱን የሚያውቅ ሰው በቱቦ ማነስ አያማርርም።

የዘይት ቀለም የሚያሠረው የተልባ ዘይት ነው፤ እኛ በጾም የምንጠጣው ያው ተልባ። ይህ ዘይት የሚደርቀው እንደ ውሃ በመትነን ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን ወስዶ እየጠነከረ በመሄድ ነው፤ ይህ ጠባይ ያላቸው ግን አንዳንድ ዘይቶች ብቻ ናቸው። እኔ ተማሪ ሳለሁ የሥዕል ዘይት አልቆብኝ፣ ዘይት ዘይት ነው ብዬ ከማጀት የሚረጋውን የምግብ ዘይት ከቀለሙ ጋር ለወስሁት። ሥዕሉ የአክስቴ ምስል ነበር። በስጦታ ከሰጠኋት ከስምንት ወር በኋላ አንድ የቤት ልጅ ጣቱን አፍንጫዋ ላይ ቢያሳርፍ አፍንጫዋ አብሮት ሄደ። አክስቴ እስካሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን ታሪክ ሳትናገር አትውልም።

ቀለም ሲደራረብ ደግሞ ሥሩ በአኳራጅ የቀጠነ፣ ላዩ ዘይት የበዛበት ይሁን፤ ዘይት የበዛበት ክፍል ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ከሥር ከሆነ ላዩ ቀድሞ ይጠነክርና ይሰነጠቃል። በውሃ በሚቀጥነው በአክሪሊክ ቀለም ላይ ዘይት ይቀባል፤ በዘይት ላይ ግን አክሪሊክ አይቀባም። ይህን ደግሞ በብርቱ አደራ እላለሁ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉ፤ ሲደርቅ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል። የጅማ ክረምት እርጥብ ስለሆነ ሸራ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ሲቀመጥ ጀርባው ይሻግታል፤ ከወለሉም ከግድግዳውም ራቅ አድርጎ አየር እንዲያገኝ ማቆም ይበጃል።

አዲስ አበባ መሄድ ያለብን ለዕቃ ከሆነ በዘመድ ማስላክ ይቀላል፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ መሄድ የሚገባው ለማየት ነው። የስልክ ምስል የሥዕልን መጠንም ሆነ የብሩሽን ጉዞ አያሳይም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ወይም በብሔራዊ ሙዚየም ሁሉን ለማየት ከመሮጥ አንድ ሥዕል መርጦ ፊቱ አንድ ሰዓት መቆም፣ በትንሽ ደብተር ላይም በሦስት ደረጃ ብቻ መንደፍ ይሻላል። ከዚያ ተጠግቶ ጠርዙን መመርመር ነው፤ የት ላይ ቀለሙ እንደ ቢላዋ ስለት እንደተቆረጠ፣ የት ላይ ደግሞ ወደ ጎረቤቱ እንደቀለጠ። አፈወርቅ ተክሌ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የመስታወት ሥዕል፣ ለእኔ ከጓሮዬ የእንሰት ቅጠል ጋር ይገናኛል፤ በሁለቱም ብርሃኑ የሚመጣው ከኋላ ነውና ጥቁሩ መሥመር ቀለሙን እንዴት እንደሚያበራው እዚያ ቆሞ መማር ይቻላል። እኒህ ሰው ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ መሆኑን፣ ልጃቸው ሥዕል ስለመረጠ እንቅልፍ ላጡ ወላጆች አንዳንዴ አነሣዋለሁ፤ ብዙም አያጽናናቸውም።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን ያየ አንባቢ እስካሁን በተናገርሁት ላይ ተቃውሞ ሊያነሣ ይችላል፤ እነዚያ ሠዓልያን ጥላ አይሠሩም ነበር። እውነት ነው። ኃይላቸው በመሥመርና በጠፍጣፋ ቀለም ላይ ነው፤ ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በአንድ ጎን በአንድ ዓይን ሥለው ታሪኩን ያለ ጥላ ይነግሩናል። ነገር ግን ደብዘዝ ባለው የቤተ መቅደስ ብርሃን ከሩቅ የቆመ ምእመን እንዲለያቸው ጨለማውን ከብሩሁ አጠገብ እንዴት እንዳስቀመጡ ተመልከቱ፤ ደረጃውን ጠንቅቀው ያውቁታል። የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመሠረቱት አለ ፈለገሰላም ከእንዲህ ያለ የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቤተሰብ ወጥተው ቺካጎ ድረስ ሄደው የተማሩ ሰው ናቸው፤ አንዱ ትምህርት ሌላውን አላስጣላቸውም። የቀድሞዎቹ ሥራውን የሚማሩት የመምህራቸውን ሥዕል እየገለበጡ ነበርና መገልበጥን የሚንቁ ጀማሪዎች ይገርሙኛል። የገለበጡትን የራስ አስመስሎ መሸጥ ነው እንጂ ነውሩ፣ ለመማር መገልበጥስ እጅን ያፈጥናል።

ስለ ሽያጭ ብዙ አልልም። ጅማ ውስጥ ሥዕል የሚገዛው ሆቴልና ካፌ ነው፤ የሚጠየቀውም ጀበና ነው። ብዙ ጀበናዎችን በክፍያ ሥያለሁ፤ አላፍርበትም፤ ያም ሆኖ ከእያንዳንዱ ጀበና ጋር አንድ ለራሴ የሆነ ትንሽ ሥዕል ካልሠራሁ እጄ እንደሚደነዝዝ ተረድቻለሁ። ትንሽ ስል የመዳፍ ያህል ማለቴ ነው፤ በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ። አንድ ትልቅ ሸራ ላይ ስድስት ወር ከሚደክም ጀማሪ ይልቅ በዚያው ጊዜ መቶ ትንንሽ ሥዕሎች ጀምሮ የጨረሰው ቶሎ ያድጋል፤ አጀማመርንና አጨራረስን መቶ ጊዜ ተለማምዷልና።

ሦስት ሆነን በወር አንድ እሑድ እንገናኛለን። እያንዳንዳችን አንድ ሥራ እናመጣለን፤ ሠሪው እንዳይናገር ደንብ አለን፤ ሌሎቹ መጀመሪያ ዓይናቸው የት ላይ እንዳረፈ ብቻ ይናገራሉ። «ያምራል» ማለት ክልክል ነው። ሥዕሉን ገልብጠን እናየዋለን፤ ከዚያ በመስተዋት እናየዋለን፤ ዓይን የለመደው ስሕተት ሲገለበጥ ይጋለጣል። ባለፈው ወር ያመጣሁት በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና የምታገላብጥ ሴት ሥዕል ነበር። አንደኛው ጓደኛዬ ዓይኑ ያረፈው ፊቷ ላይ ሳይሆን ከኋላዋ ባለው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ መሆኑን ነገረኝ። በስልኬ በጥቁርና ነጭ አነሣሁት፤ ልክ ነበር፤ በሥዕሉ ውስጥ ትልቁን ብርሃን ለጣሪያው ሰጥቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሸራው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። ጣሪያውን በበረካ ደረጃ ላይ አውርጄ ነጩን ለነጠላዋ መስጠት እንዳለብኝ በቡና የሠራሁት ትንሽ ንድፍ ነግሮኛል፤ ዝናቡ ፋታ ከሰጠ ቅዳሜ ጠዋት አዞረዋለሁ።